ጣሪያ የሌለው ዙፋን

ጣሪያው የሚታጠፍ የአሜሪካ መኪና ከሁሉ በፊት ሰው የሚታይበት መቀመጫ ነው፤ መጓጓዣነቱ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ይህን የምንለው ለማቃለል አይደለም። ፎቶግራፉን ባየን ቁጥር እኛም ልባችን ስንጥቅ ይላል!

ጃንዋሪ 20 ቀን 1953 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) አይዘንሃወር በበዓለ ሹመታቸው ዕለት ዋሽንግተንን ያቋረጡት አዲሱ ካዲላክ ኤልዶራዶ ላይ ቆመው፣ እጃቸውን ለሕዝቡ እያወዛወዙ ነበር። በዚያ ዓመት የተሠራው 532 ብቻ፣ ዋጋውም 7,750 ዶላር። ርካሹ ሼቭሮሌት ግን ከ2,000 ዶላር በታች ይገኝ ነበር። ሁለቱም የአንድ የጄኔራል ሞተርስ ልጆች መሆናቸውን ልብ ይሏል።

የኩባንያው የንድፍ ሹም ሃርሊ ኧርል ነው። ኧርል ለሆሊዉድ ተዋንያን የመኪና አካል በሚሠራ በአባቱ ጋራዥ ያደገ ሰው ስለሆነ ማማር ምን እንደሚያስገኝ ያውቃል። ፒ-38 የተባለው የጦር አውሮፕላን መንታ ጭራ ማርኮት፣ በ1948 ካዲላክ ላይ ትንሽ ክንፍ አበቀለ። በ1959 ክንፉ የት ደረሰ! 5.7 ሜትር ገደማ በሚረዝም ገላ ላይ ሽቅብ ተተክሎ፣ ጥይት የመሰሉ ቀያይ መብራቶች ሁለት ሁለት ሆነው ተሰኩበት። ለመንዳት ምን ይረባል? ምንም። ግን የአምናውን መኪና አሮጌ ያስመስለዋል፤ ገዢውም ሳይወድ በግዱ ይመለሳል። ታስቦበት የተሠራ ንግድ ነው እንጂ የውበት ፍቅር ብቻ አይደለም።

ጥቁሩ አሜሪካዊስ? ቦክሰኛው ሹገር ሬይ ሮቢንሰን ሮዝ የተቀባ ክፍት ካዲላክ ነበረው፤ ሃርለም ሲቆም የሰፈሩ መኩሪያ ነበር። በዚያው ዘመን ግን ጥቁር ነጂ ከከተማ ሲወጣ የት እንደሚያድር፣ የት እንደሚበላ ለማወቅ ቪክቶር ግሪን የተባለ የሃርለም ፖስተኛ ከ1936 ጀምሮ ያሳትም የነበረውን መምሪያ መያዝ ነበረበት። መኪናውን ይሸጡለታል፣ አልጋ ይነፍጉታል። እንደሚመስለን የዚህን መኪና ታሪክ ከክሮሙ ይልቅ ይህ ያወራዋል።

ኦክቶበር 1 ቀን 1963 ኬኔዲ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን በክፍት ሊንከን አጠገባቸው አስቀምጠው በዋሽንግተን ጎዳና አለፉ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ኖቬምበር 22፣ ዳላስ ላይ ኬኔዲ በክፍት ሊንከን ውስጥ ተገደሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ለቀብር ተመልሰው ሄዱ። መኪናው ግን አልተጣለም። ቋሚ ጣሪያ ተገጥሞለት እስከ 1977 አገልግሏል።

ከዚያ በኋላ አየር ማቀዝቀዣውና የአውራ ጎዳናው ፍጥነት ክፍቱን መኪና አዳከሙት፤ መንግሥት ስለ መገልበጥ አደጋ ጥብቅ ደንብ ያወጣል የሚለው ወሬም ታከለበት። በ1976 ካዲላክ «የመጨረሻው» ብሎ 14,000 ክፍት ኤልዶራዶ ሠራ፤ ማብቂያዎቹ 200 ሁሉም ነጭ ነበሩ። ገዢው ተሻማ፤ አንዳንዱም ወደፊት ብዙ ያወጣልኛል ብሎ ቆለፈበት። ታዲያ በ1984 ካዲላክ ጣሪያው የሚታጠፍ ኤልዶራዶ ዳግመኛ አወጣና ቁጭ! የ1976ቱ ገዢዎችም ተታለልን ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ።