ጥሪት

ሽሮ ሜዳ ታክሲ ስጠብቅ አንዲት ወጣት ለጓደኛዋ «ጣሪያችን አፈሰሰ፤ ኢመርጀንሲ ፈንድ ደግሞ የለንም» ስትላት ሰማሁ። ጭንቀቷ ገባኝ፤ እድሩ ለለቅሶ ነው፣ የእቁቡን ተራ ደግሞ ዝናቡ አይጠብቅም። ግን እንዲህ ለክፉ ቀን ለሚቀመጥ ገንዘብ የራሳችን ስም የለንም? «ቁጠባ» የሚሉ አሉ። ቆጠበ ማለት ግን ከለከለ፣ ገታ ነው፤ ከንግግር መቆጠብም ከዚያው ይመጣል። ስለዚህ ከተቀመጠው ገንዘብ ይልቅ ለድርጊቱ ይስማማል። ከግዕዙ «ጠረየ»፣ ማለትም ገንዘብ አደረገ፣ የተገኘ «ጥሪት» የሚል ቃል አለን። የሚያሳዝነው ቃሉን ብዙ ጊዜ የምናነሳው «ጥሪቴን አሟጠጥኩ» ስንል፣ ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው። እኔ «የክፉ ቀን ጥሪት» እንበለው እላለሁ። ከወሩ አስቤዛ ጥቂት ብር ለይተን ስናስቀምጥም በዚሁ ስም እንጥራው።