ልግመኛ ወይስ የዛለ?

አማርኛችን ሥራ ያደከመውን ሰው የሚጠራበት ቃል አያጣም። ዛለ፣ ታከተው፣ ሰለቸው፣ አቅሙ ተሟጠጠ እንላለን። ድካሙ ከሳምንት አልፎ ወራት ሲያስቆጥር ግን ርኅራኄያችን ያልቅና ሰውየው ሌላ ስም ይወጣለታል፤ «ልግመኛ»። ይህ ስም ትክክል መሆን አለመሆኑን ታሪክ እንጠይቅ እስቲ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1936 ሐንስ ሴልየ የተባለ የሞንትሪያል ተመራማሪ «ኔቸር» በተሰኘው መጽሔት ላይ አንዲት አጭር ጽሑፍ አወጣ። አይጦችን በብርድ፣ በቁስል፣ በመርዝና ከልክ ባለፈ የጡንቻ ሥራ ፈትኗቸው ነበር። ፈተናው የተለያየ ቢሆንም የሰውነታቸው መልስ አንድ ሆኖ አገኘው። ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች ያብጣሉ፤ ለበሽታ መከላከል የሚያገለግለው ታይመስ የተባለው ዕጢ ይሟሽሻል፤ ጨጓራና አንጀት ይቆስላሉ። ሴልየ ሂደቱን በሦስት ደረጃ ከፈለው፤ መጀመሪያ ሰውነት ይደነግጣል፣ ቀጥሎ ይቋቋማል፣ ፈተናው ካላባራ መጨረሻ ላይ ይዝላል። አይጥ ደግሞ አይለግምም።

ለሰው ድካም «ተቃጥሎ ማለቅ» (በርንአውት) የሚለው ስም በሙያው ዓለም የተስፋፋው ዘግይቶ ነው። ኸርበርት ፍሮይደንበርገር በልጅነቱ ከናዚ ጀርመን ያመለጠ የኒውዮርክ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር። ቀን የራሱን ታካሚዎች ሲያይ ውሎ፣ ማታ በነፃ በሚያክም ክሊኒክ ያገለግል ነበር። በ1974 ባሳተመው ጽሑፍ በእንዲህ ያሉ ተቋማት የሚሠሩ ሰዎች ምን እንደሚሆኑ ዘረዘረ፤ የማይለቅ ጉንፋን፣ ተደጋጋሚ ራስ ምታት፣ የሆድ ሕመም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ትንፋሽ ማጠር። ራሱም የዚሁ ሰለባ ነበር። ይበልጥ የሚያስገርመው ግን ለዚህ ችግር ይበልጥ የተጋለጡት እነማን ናቸው ለሚለው ጥያቄ የሰጠው መልስ ነው፤ ለሥራቸው ራሳቸውን የሰጡት ናቸው አለ። ለጋሚ ሰው መች ነዶ ያልቃል?

አሠራሩ ይህን ይመስላል። አለቃ ሲቆጣ ወይም ሥራ የማስረከቢያው ቀን ሲደርስ አንጎል አድሬናል ዕጢዎችን ያዛል፤ አድሬናሊንና ኮርቲሶል ይረጫሉ። ልብ ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ስኳር ወደ ደም ይለቀቃል። ለአንድ ቀን ሩጫ ይህ ስጦታ ነው። ማታም፣ እሑድም፣ በእረፍት ቀንም ካልበረደ ግን እንቅልፍን ያውካል፣ የደም ሥርን ይጎዳል፣ በሽታ የመከላከል አቅምን ያዳክማል።

ጃፓኖች የዚህን ጫፍ አይተውታል። በ1969 በአንድ ጋዜጣ የማከፋፈያ ክፍል የሚሠራ የ29 ዓመት ወጣት በስትሮክ ሞተ። በኋላ «ካሮሺ»፣ ማለትም ከሥራ ብዛት የሚመጣ ሞት፣ ተብሎ ለተሰየመው ነገር የመጀመሪያው ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል። በ2021 የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በጋራ እንዳስታወቁት፣ በ2016 ብቻ 745,000 ያህል ሰዎች በረጅም የሥራ ሰዓት ሳቢያ በስትሮክና በልብ በሽታ ሞተዋል። ረጅም የተባለው በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በየቀኑ ከዘጠኝ ሰዓት ትንሽ ያልፋል ማለት ነው። ስንቶቻችን ነን እዚያ ውስጥ?

ረጅም ሰዓት መሥራትና መዛል አንድ ነገር አይደሉም፤ በአጭር ቀን ሥራም የሚዝል አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ይህን ዝለት ሲበይን በሽታ አላለውም፤ በወጉ ካልተያዘ ሥር የሰደደ የሥራ ቦታ ጭንቀት የሚመጣ ክስተት አለው። ልብ በሉ፤ ምንጩን ያስቀመጠው በሥራ ቦታው ላይ እንጂ በሠራተኛው ጠባይ ላይ አይደለም።

ስለዚህ አብሮን የሚሠራው ሰው ጉንፋኑ አልለቅ ብሎት፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ለወትሮ የሚወደውን ሥራ ሲሸሽ ስናየው ስም ከማውጣታችን በፊት ምን ያህል እንደተሸከመ እንጠይቀው። አለቆችም ቢጠይቁ አይከፋም።