የእጅ ስልክ መተግበሪያዎች ለቀድሞ ሠራዊት አባላት የአእምሮ ጤና የሚሰጡት ጥቅምና ወሰኑ

ከጦር ግንባር ተመልሶ በሚዛን አማን (በቀድሞ ስሟ ሚዛን ተፈሪ)፣ በቴፒ ወይም በበበቃ አካባቢ ቡና የሚያለማ የቀድሞ ሠራዊት አባል የአካል ቁስሉ ቢሽርም የጦርነቱ ትዝታ ለዓመታት ሊከተለው ይችላል። ይህን ችግር ለማቃለል በልዩ ልዩ አገሮች የእጅ ስልክ መተግበሪያዎች ሥራ ላይ ውለዋል። መተግበሪያዎቹ ግን ሕክምናን ያግዛሉ እንጂ አይተኩም።

የሕመሙ ምንነት

ከአሰቃቂ ሁኔታ በኋላ የሚከሰት የአእምሮ ጭንቀት አራት ዋና ዋና ምልክቶች አሉት። እነዚህም ያለፈው ሁኔታ በቅዠትና በድንገተኛ ትዝታ መመላለሱ፣ ሁኔታውን ከሚያስታውሱ ቦታዎችና ሰዎች መሸሽ፣ ራስን መውቀስና ከቤተሰብ መራቅ፣ እንዲሁም እንቅልፍ ማጣት፣ መደንገጥና ቶሎ መቆጣት ናቸው። ምልክቶቹ ከአንድ ወር በላይ ከቆዩና የዕለት ተዕለት ኑሮን ካወኩ የባለሙያ ምርመራ ያስፈልጋል። ሕመሙ የፍርሃት ወይም የስንፍና ምልክት አይደለም፤ በሕክምናም ይሻላል።

በአገራችን በ1983 ዓ.ም የቀድሞው መንግሥት ሠራዊት ሲበተን ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ወታደሮች ወደ ሰላማዊ ኑሮ ተመልሰዋል። ከኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት በኋላም በርካታ የሠራዊት አባላት ተሰናብተዋል። በ2015 ዓ.ም የተቋቋመው ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ደግሞ በልዩ ልዩ ክልሎች የሚገኙ ከ371 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ማኅበረሰቡ የመመለስ ኃላፊነት ተሰጥቶታል።

የመተግበሪያዎቹ አሠራር

በዘርፉ በስፋት የሚታወቀው «ፒቲኤስዲ ኮች» የተባለው መተግበሪያ ነው። መተግበሪያውን የአሜሪካ የቀድሞ ሠራዊት አባላት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከአገሪቱ መከላከያ ሚኒስቴር ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ በ2011 በነፃ አቅርቦታል። ስለ ሕመሙ ትምህርት ይሰጣል፤ ተጠቃሚው ምልክቶቹን በየጊዜው እንዲመዘን ያስችላል፤ ጭንቀት ሲበረታ የሚረዱ የአተነፋፈስና የመዝናናት ልምምዶችን ይመራል፤ ከረዳት ሰዎች ጋርም ያገናኛል።

እ.ኤ.አ በ2017 ይፋ የሆነ በ120 ሰዎች ላይ የተካሄደ ጥናት የመተግበሪያው ተጠቃሚዎች ለውጥ ማሳየታቸውን አመልክቷል። ሆኖም በሦስት ወሩ መጨረሻ በተጠቃሚዎቹና ተራ ሲጠብቁ በቆዩት መካከል ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። ይህም ስልክ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ያስገነዝባል።

በደቡብ ምዕራብ ያለው ሁኔታ

መተግበሪያው በመጀመሪያ የተዘጋጀው በእንግሊዝኛ ሲሆን ዘመናዊ ስልክና ማንበብ መቻልን ይጠይቃል። በቡና አምራች ቀበሌዎች ግን ተራ ስልክ የያዘው፣ ቤንችኛ፣ ሸክኛ፣ ካፊኛ ወይም ሸኮኛ የሚናገረውም ሕመምተኛ ይኖራል። ስለዚህ ትርጉም ብቻውን አይበቃም። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም ያስጀመረው የ8028 አገልግሎት የግብርና መረጃን በተራ ስልክ በድምፅ ማድረስ እንደሚቻል አሳይቷል። ለአእምሮ ጤና የሚሆን ተመሳሳይ አገልግሎትም በዚሁ መንገድ ሊታሰብ ይችላል።

ለኃላፊዎች የሚጠቅሙ ነጥቦች

አንድ መተግበሪያ በመሥሪያ ቤት በኩል ከመሰራጨቱ በፊት የሚከተሉትን ማረጋገጥ ይገባል፦

አንደኛ፣ ይዘቱ በአእምሮ ጤና ባለሙያ መታየቱንና ያለ ኢንተርኔት መሥራቱን፤

ሁለተኛ፣ ተጠቃሚው ስሙንና የውትድርና መረጃውን እንዲሰጥ አለመጠየቁን፤ አንድ ስልክ የቤተሰብ የጋራ ሊሆን ስለሚችል በምስጢር ቁጥር መቆለፉን፤

ሦስተኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ምልክቶቹን ለይታ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም እንደ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ወዳሉ ተቋማት የምትልክበት መንገድ መዘርጋቱን።

ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ሲያጋጥም ግን ስልክ ሰጥቶ ማሰናበት አይገባም። ብቻውን ሳይተዉት ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል። በየቀበሌው የሚገኝ ሠራተኛም የቀድሞውን ወታደር ስለ ጡረታውና ስለ መሬቱ ሲጠይቀው «እንቅልፍህስ እንዴት ነው?» ብሎ ቢያክልበት የመጀመሪያውን የእርዳታ በር ይከፍትለታል።