የሊቦ ከምከም የካላዛር ወረርሽኝና ከዚያ ወዲህ የተገኙ የሕክምና ምርምር ውጤቶች

ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ አማካይነት ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ፣ በወቅቱ ካልታከመም በአብዛኛው ለሞት የሚዳርግ በሽታ ነው። በሽታው በደቡብ ጎንደር ዞን በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች ያስከተለው ጉዳት፣ ከዚያ ወዲህም በጎንደርና በሌሎች የምርምር ማዕከላት የተገኙት ውጤቶች፣ ለጤናው ዘርፍ ብቻ ሳይሆን በየደረጃው ላሉ የመንግሥት ኃላፊዎች ጭምር ጠቃሚ ትምህርት የያዙ ናቸው።

የበሽታው መንስኤ ሌይሽማንያ ዶኖቫኒ የተባለ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተህዋስ ነው። ተህዋሱ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ በጣፊያ፣ በጉበትና በመቅኔ ውስጥ በሚገኙ በሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ውስጥ ይራባል። ሕመምተኛው ለሳምንታት የሚቆይ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ፣ የጣፊያ ማበጥና የደም ማነስ ይታይበታል። የመከላከል አቅሙ እየተዳከመ ስለሚሄድም ለሳንባ ምችና ለሌሎች ተደራቢ ሕመሞች ይጋለጣል። እነዚህ ምልክቶች ከወባ፣ ከታይፎይድ፣ ከሳንባ ነቀርሳ፣ አልፎ አልፎም ከደም ካንሰር ጋር ስለሚመሳሰሉ በምልክት ብቻ ለይቶ ማወቅ አዳጋች ነው።

በአገራችን ካላዛር ለረጅም ዓመታት የቆላ በሽታ ተደርጎ ሲቆጠር ቆይቷል። በተለይ ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ በስፋት በሚመረትባቸው የሁመራና የመተማ አካባቢዎች፣ ከደጋው ለጉልበት ሥራ የሚሄዱ ወጣቶች ዋነኛ ተጠቂዎች ነበሩ። በሽታ አስተላላፊዋ የአሸዋ ዝንብ በተሰነጣጠቀ ዋልካ አፈርና በግራር ዛፎች አካባቢ የምትገኝ በመሆኗ፣ በእርሻው መሀል ሜዳ ላይ የሚያድሩ ሠራተኞች ለንክሻ የተጋለጡ ናቸው።

ይህ ግንዛቤ በሊቦ ከምከም የተከሰተው ወረርሽኝ ሳይታወቅ እንዲቆይ ምክንያት ሆኗል። ወረርሽኙ የጀመረው በ1995 ዓ.ም ገደማ (እ.ኤ.አ 2003) እንደሆነ ጥናቶች ያመለክታሉ። ይሁንና በወረዳው ቀደም ሲል የማይታወቅ በሽታ በመሆኑ፣ ትኩሳቱ መድኃኒት የተላመደ ወባ ተደርጎ ሲታከም ቆየ። የበሽታው ምንነት በምርመራ የተረጋገጠው በ1997 ዓ.ም (እ.ኤ.አ 2005) ሲሆን፣ እስከዚያው ድረስ የብዙ ሰዎች ሕይወት አልፏል። ወረርሽኙ ሕፃናትንና ከቀዬአቸው ርቀው የማያውቁ ነዋሪዎችንም ያጠቃ በመሆኑ፣ በሽታው ከቆላ በሚመለሱ ሠራተኞች ላይ ብቻ ሳይወሰን በደጋው መንደሮች ውስጥ መተላለፍ መጀመሩ ታውቋል።

በሽታው ከተለየ በኋላ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ድርጅት በአዲስ ዘመን ከተማ የሕክምና ማዕከል አቋቁሟል። ማዕከሉ እ.ኤ.አ ከግንቦት 2005 እስከ ታኅሣሥ 2007 ባለው ጊዜ ውስጥ ከ2,400 በላይ ለሚሆኑ የካላዛር ሕመምተኞች ሕክምና ሰጥቷል። በአካባቢው የተካሄደ ጥናትም ከቤት ውጭ የማደርና በግራር ዛፍ ሥር የመተኛት ልማድ ለበሽታው ተጋላጭነትን እንደሚጨምር አሳይቷል።

በወቅቱ ዋነኛው መድኃኒት ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት የተባለው መርፌ ሲሆን፣ ለብቻው ሲሰጥ በየቀኑ ለ30 ቀናት መወጋትን ይጠይቃል። መድኃኒቱ በልብና በቆሽት ላይ ጉዳት ሊያስከትል የሚችል ከመሆኑም በላይ፣ የአንድ ወር ቆይታው ለገበሬ ቤተሰብ ከባድ ሸክም ነው። ይህን ለማሻሻል በኢትዮጵያ፣ በሱዳን፣ በኬንያና በዩጋንዳ የተካሄደው ምርምር፣ መድኃኒቱን ፓሮሞማይሲን ከተባለ ነባር የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ጋር አጣምሮ በመስጠት ሕክምናውን ወደ 17 ቀናት ማሳጠር እንደሚቻል አረጋግጧል። በስድስት ወር ክትትል የታየው የፈውስ መጠን ከ90 በመቶ በላይ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴም እ.ኤ.አ በ2010 የተጣመረውን ሕክምና ለምሥራቅ አፍሪካ መርጦታል።

ሌላው ትኩረት የሚስበው ውጤት የተገኘው ከካንሰር ምርምር ነው። ሚልቴፎሲን የተባለው መድኃኒት መጀመሪያ የተጠናው ለካንሰር ሕክምና ሲሆን፣ በኋላ የሌይሽማንያን ተህዋስ እንደሚገድል በመታወቁ በአፍ የሚወሰድ የመጀመሪያው የካላዛር መድኃኒት ለመሆን በቅቷል። ሕንድ እ.ኤ.አ በ2002 መዝግባ ሥራ ላይ አውላዋለች። ከፈንገስ በሽታዎች መድኃኒት የተገኘው ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን ቢም እንዲሁ ለካላዛር አገልግሎት ይሰጣል።

የእነዚህ የሁለቱ መድኃኒቶች ጥምረት በተለይ ኤች አይ ቪ በደማቸው ውስጥ ለሚገኝ ሕመምተኞች ትልቅ ለውጥ አምጥቷል። በእነዚህ ሕመምተኞች ላይ ካላዛር በተደጋጋሚ ስለሚያገረሽ ሕክምናው አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቷል። በጎንደርና በአብደራፊ ተካሂዶ እ.ኤ.አ በ2019 በታተመው ጥናት፣ ሁለቱን መድኃኒቶች በአንድነት የወሰዱና አስፈላጊ ሲሆን ሕክምናው የተራዘመላቸው ሕመምተኞች 88 በመቶ ያህሉ ከተህዋሱ ነጻ ሲሆኑ፣ አምፎቴሪሲን ቢን ብቻ ከወሰዱት መካከል ግን ይህ ውጤት የተገኘው በ55 በመቶው ላይ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2022 ባወጣው መመሪያ ይህንኑ ጥምረት ለምሥራቅ አፍሪካ መክሯል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የተሠራ ምርምር ለአካባቢው አገሮች የሕክምና መመሪያ መሠረት መሆኑን ይህ ያስረዳል።

በዚያው ዓመት ይፋ የሆነ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ሚልቴፎሲንን ከፓሮሞማይሲን ጋር ለ14 ቀናት መስጠት ከ17 ቀኑ ሕክምና የማያንስ ውጤት እንደሚያስገኝ አመልክቷል። ይህም በየቀኑ የሚወሰደውን መርፌ ከሁለት ወደ አንድ ከመቀነሱም በላይ፣ ሕመምተኛውን ከስቲቦግሉኮኔት የጎንዮሽ ጉዳት ያድነዋል። ሚልቴፎሲን በፅንስ ላይ ጉዳት ሊያደርስ ስለሚችል ግን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ በመውለድ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶችም መድኃኒቱን ሲወስዱ የእርግዝና መከላከያ መጠቀም ይኖርባቸዋል።

የምርመራው ዘርፍ የመድኃኒቱን ያህል አልተራመደም። አርኬ 39 የሚባለው ፈጣን የደም ምርመራ በጤና ጣቢያ ደረጃ ሊሠራ የሚችል ቢሆንም፣ በምሥራቅ አፍሪካ በሽታውን የመለየት አቅሙ በሕንድ ከታየው ያነሰ ነው። በመሆኑም ውጤቱ ነጻ ቢያሳይም ምልክቱ ከቀጠለ፣ ሕመምተኛው ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ ናሙና ተወስዶ ወደሚመረመርበት ሆስፒታል መላክ ይኖርበታል።

ከሊቦ ከምከም የሚወሰደው ዋነኛ ትምህርትም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በዚያ ወቅት ለሕልፈት የተዳረጉት ወገኖች በሽታቸውን የሚያድን መድኃኒት በዓለም ላይ ነበር፤ የጠፋው በሽታውን የሚጠረጥር ነው። ምርምር ሕክምናውን ከ30 ቀናት ወደ 14 ቀናት ቢያሳጥረውም፣ ሕመምተኛው በተሳሳተ ሕክምና ለወራት ከቆየ የተገኘው ጥቅም ይባክናል። ስለሆነም ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ የጣፊያ ማበጥ ወይም የክብደት መቀነስ ያለበትና በወባ መድኃኒት ያልተሻለው ሰው ሁሉ ለካላዛር ሊመረመር ይገባል።

ይህን ተግባራዊ ለማድረግ የጤና ጽሕፈት ቤቶች ድርሻ ቀዳሚ ቢሆንም የሌሎች መሥሪያ ቤቶች ተሳትፎም አስፈላጊ ነው። የሥራ ስምሪት አካላት ወደ ቆላ የሚሄዱ ሠራተኞች አጎበር እንዲይዙና ሲመለሱ ሕመም ከተሰማቸው የሄዱበትን ስፍራ ለጤና ባለሙያ እንዲናገሩ ማስገንዘብ ይችላሉ። የቀበሌ አስተዳደሮችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በአንድ መንደር ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳትና ሞት ሲበዛ ሳይውል ሳያድር ለወረዳው ማሳወቅ ይጠበቅባቸዋል። በሽታው ዳግም በደጋው ቢከሰት፣ የሚጠፋውን የሕይወት መጠን የሚወስነው የመጀመሪያው ሪፖርት የሚደርስበት ፍጥነት ነው።