ኬላ የሌለው ቀረጥ

በዛሬው ንግግራችን መንገድ ስለሚያስከፍለው ገንዘብ እናወጋችኋለን። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በኢየሩሳሌም ከሃነቪኢም ጎዳና አልፋችሁ ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና ስትገቡ በ1893 የተጠናቀቀውን የደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን ታያላችሁ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1892፣ ከያፎ ወደብ ወደ ኢየሩሳሌም ባቡር መሄድ ጀምሮ ነበር። ሐዲዱን የዘረጋው የቱርክ መንግሥት አልነበረም። ሱልጣኑ በ1888 የኢየሩሳሌም ተወላጅ ለሆነው ለዮሴፍ ናቮን የ71 ዓመት ፈቃድ ሰጠ፤ ናቮንም ፈቃዱን ለፈረንሳዮች ሸጠ። ኩባንያው በራሱ ገንዘብ ሠርቶ ወጪውን ከተሳፋሪና ከጭነት እንዲሰበስብ ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አፄ ምኒልክም በ1894 ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ውል ሲሰጡ ዘመኑ 99 ዓመት ነበር። ከጅቡቲ ወደብ የተነሣው ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። መንግሥት ገንዘብ ሲያንሰው መንገዱን ለባለሀብት ይሰጣል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን መንገደኛው ነው።

እስራኤልም በ1995 የክፍያ መንገድ ሕግ አወጣች። በዚህ ሕግ መሠረት «ክቪሽ ሼሽ» የምንለውን፣ ሰሜንን ከደቡብ የሚያገናኘውን መንገድ፣ «ደሬኽ ኤሬጽ» የተባለ ኩባንያ ሠርቶ ለተወሰኑ ዓመታት ያስተዳድረዋል፤ ከዚያ ለመንግሥት ይመለሳል። የመጀመሪያው ክፍል የተከፈተው በ2002 ነው።

ሕግ ለምን አስፈለገ? በድሮው ኬላ ቀረጥ ተቀባዩ ፊት ለፊት ቆሞ ይጠይቃል፤ ያልከፈለ አያልፍም። በዚህ መንገድ ግን ኬላ የለም። ካሜራ የመኪናውን ታርጋ ያነሣል፣ ሂሳቡም በፖስታ ቤታችሁ ይመጣል። ዕዳውን በመኪናው ባለቤት ላይ የሚጥለው ሕጉ ነው።

ስለዚህ፣ ወገኖቻችን፣ ሦስት ነገር አትርሱ። መኪና ስትሸጡ ስሙን ወዲያው አዛውሩ፤ አለዚያ ሌላው የነዳበት ሂሳብ ወደ እናንተ ይመጣል። ደብዳቤው በዕብራይስጥ ነው ብላችሁ መሳቢያ ውስጥ አትተዉት፤ ዕዳው እያደር ይጨምራል። ስሕተት ካያችሁም ዝም አትበሉ፣ ቀኑ ሳያልፍ በጽሑፍ ተቃወሙ። ኬላው ባይታይም ሕጉ አለ፤ ሕጉን ያወቀ ገንዘቡን ያድናል።