የጦቢያው ወተትና የልብ ሕዋሳት ትስስር

ከመተማ ተነሥቶ በገላባት በኩል ወደ ገዳሪፍ የሚጓዝ ሰው በማሽላውና በሰሊጡ እርሻ ዳር አንድ ቁጥቋጦ ያያል። ቅጠሉ ሰፊና አመድማ፣ ፍሬው እንደ ፊኛ ያበጠ ነው፤ ሲሰበርም ነጭ ወተት ያፈሳል። እኛ ጦቢያው እንለዋለን፤ ሱዳኖች ዑሸር ይሉታል። ወተቱን ለቁስልና ለጭርት የሚቀቡት ብዙዎች ናቸው። የልብ መርዝ መሆኑን ግን ተማሪዎቻችን ሁሉ ያውቃሉ ለማለት አያስደፍርም።

በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀርመናዊው ኬሚስት ሄሰ ከዚሁ ወተት ያገኘው መርዝ ዑሻሪን ተባለ፤ ስሙ የመጣው ከዐረብኛው መጠሪያ ነው። ዘመዶቹ ብዙ ናቸው። በአማርኛ ምረንዝ የሚባለው ዛፍ ለቀስት መርዝ የሚሰጠውን ዋባይን ፈረንሳዊው አርኖ በ1888 ለይቶ አውጥቶታል። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊዘሪንግ በ1785 መጽሐፍ የጻፈለት ዲጂታሊስም ከዚሁ ወገን ነው፤ ዲጎክሲን የተባለው ክኒን የተገኘው ከዲጂታሊስ ዝርያ ነው። ሁሉም ሶዲየምን ከሕዋስ የሚያስወጣውን ፓምፕ ያግዳሉ። ይህን በ1953 ያሳየው ሻትስማን ነበር።

ታዲያ አንዱ ነገር እንዴት የልብ ትርታን መድኃኒትም ማወኪያም ይሆናል? መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ የልብ ሥጋ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልግ ነበር። ለረጅም ጊዜ ብዙ ሊቃውንት ልብ ወሰን የሌለው አንድ ወጥ ሥጋ ነው ይሉ ነበር። በ1954 ስዊድናውያኑ ሾስትራንድና አንደርሾን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩት ግን እያንዳንዱ ሕዋስ የራሱ ሽፋን እንዳለው ተረጋገጠ። እንግዲያው የኤሌክትሪኩ ሞገድ በምን ይሻገራል? በ1967 ረቨልና ካርኖቭስኪ ሽፋኖቹ ሊነካኩ የቀረቡበትን፣ በመካከላቸው የሚሊሜትር ሁለት ሚሊዮንኛ ያህል ክፍተት ብቻ ያለበትን ቦታ አሳዩ። ሁለቱ ሕዋሳት ግማሽ ግማሹን አዋጥተው የሚሠሩት ቀጭን የፕሮቲን ቦይ እዚያ አለ። ሞገዱ የሚያልፈው በዚያ ነው።

ዋይንጋርት በ1977 ባወጣው ጥናት ዋባይን በእንስሳት የልብ ጡንቻ ላይ ፈተነ። መርዙ ሲበዛ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ ያለው መተላለፊያ ጠበበ፤ ሞገዱም ዘገየ። ምክንያቱም ፓምፑ ሲታገድ በሕዋሱ ውስጥ ሶዲየም፣ በእርሱም የተነሣ ካልሲየም ይጨምራል። ካልሲየም በመጠኑ ሲጨምር ጡንቻውን ያበረታል፤ ከመጠን ሲያልፍ ግን ቦዮቹን ይዘጋል። በአንድ በኩል የዘገየ ሞገድ ዞሮ ወደ መጣበት ሲመለስ ትርታው ይታወካል። የመታወክ መንገዱ ይህ ብቻ አይደለም፤ እኔን የሚያስገርመኝ ግን ይኸኛው ነው።

በሱዳንም በአገራችንም የሩማቲክ በሽታ የልብ በር ሲያጠብ የላይኛው የልብ ክፍል ይለጠጣል፤ በሕዋሳቱ መካከል ጠባሳ ይገባል፤ ትርታው ይዘበራረቃል። ዲጎክሲን ይህን ትስስር አይጠግንም። ወደ ታችኛው ክፍል የሚወርደውን የሞገድ ብዛት ብቻ ይቀንሳል። ቦዮቹን ክፍት ለማድረግ የታሰበው ሮቲጋፕታይድ ተሞክሯል፤ መደበኛ ሕክምና ግን አልሆነም።

የዲጎክሲን የሚጠቅም መጠንና የሚገድል መጠን እጅግ ይቀራረባሉ። የደም ፖታሲየም ሲያንስ መርዝነቱ ስለሚብስ ሐኪሙ ፖታሲየሙን ያስመረምራል። የጦቢያው ወተት ኃይል ግን ከተክል ተክል ይለያያል፤ በጠብታ ቢቆጠርም ምን ያህል መርዝ እንደያዘ አይታወቅም።