የፎገራ ጓሮና የቲማቲም ዘር

ቲማቲም ለኢትዮጵያ መጤ ተክል ነው። ሩሲያዊው የእጽዋት ሊቅ ቫቪሎቭ፥ እ.ኤ.አ. በ1927 ዓ.ም. የጐበኛትን ይህችን አገር ከጥንታውያን የአዝርዕት መፍለቂያዎች አንዷ አድርጎ ቈጥሯታል፤ ይኸውም ስለ ጤፍና ስለ ኑግ እንጂ ስለ ደቡብ አሜሪካው ቲማቲም አይደለም። መጤነቱን ስሙ ራሱ ይመሰክራል። የአማርኛው ቃል ለዐረብኛው «ጠማጢም» የቀረበ ሲሆን፥ ትግርኛው «ኮሚደረ» ከጣልያንኛው «ፖሞዶሮ» የመጣ ነው። ፍሬው በየትም ይግባ፥ ስሙ በሁለት በር ገብቷል። እንግዲህ በወረታና በአካባቢዋ ጓሮዎች ስለ ነባር የቲማቲም ዘር መናገር ይገባልን? ዕድሜው ብቻ ከተለካ አይገባም፤ አያያዙ ከተለካ ግን ይገባል።

ከጣና በስተምሥራቅ የተዘረጋውን የፎገራ ሜዳ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ያጥለቀልቁታል። ይህ ውሃ በደርግ ዘመን ለገባው ሩዝ ተስማምቶታል፤ ቲማቲም ግን ውሃ ከተኛበት ሥሩ ይታፈናል። ስለዚህ ጎርፉ ሲሸሽ በመስኖ ይተከላል፤ ወይም ከቤት አጠገብ ከፍ ባለ ቦታ ፍግና የእጣቢ ውሃ እያገኘ ያድጋል።

መስኩና ጓሮው የሚሹት ዘር አንድ አይደለም። በአገሪቱ በሰፊው ከታወቁት መካከል ሮማ ቪኤፍ ቁጥቋጦ መስሎ ይቆማል። ፍሬው ሞላላና ሥጋው ወፍራም ነው፤ በአንድ ጊዜ ስለሚደርስና ጭነት ስለሚችል ነጋዴ ይወደዋል። እ.ኤ.አ. በ1925 ዓ.ም. በአሜሪካ የወጣው ማርግሎብ ድቡልቡልና ጭማቂው ብዙ ነው፤ ለመንገድ ግን አይመችም። መኒሜከር የተባለው ደግሞ ድጋፍ ይሻል፤ ነገር ግን ፍሬውን ጥቂት በጥቂት ለብዙ ጊዜ ይሰጣል። ስሙ «ገንዘብ አስገኚ» ማለት ሲሆን፥ ጠባዩ ከገበያ ይልቅ ለጾም ስልስ በየቀኑ ሁለት ሦስት ፍሬ ለምትቀጥፍ የቤት እመቤት ይስማማል።

ዋናው ልዩነት ግን በዘሩ ላይ ነው። የቲማቲም አበባ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ያዳብራል፤ ስለዚህ ከላይ ከተጠቀሱት ከማናቸውም የተያዘ ዘር እናቱን ይመስላል። ፎገራ የታወቀበት ቀይ ሽንኩርት እንዲህ አይደለም፤ ንቦች ያዳቅሉታል፥ ዘር ለመስጠትም ኮረቱ ዳግመኛ መተከል አለበት። የቲማቲም ዘር ያዥ ከጤነኛ ተክል የበሰለ ፍሬ መርጦ ጨምቆ፥ ዘሩን የሸፈነው ዝልግልግ ነገር እስኪለቅ ሁለት ሦስት ቀን አስቀምጦ አጥቦ ማድረቅ ይበቃዋል። እንግዲህ በአሜሪካ የእርሻ ጣቢያ የተወለደ ማርግሎብ ከእናት ወደ ልጅ እየተላለፈ የአንድ ቤት ዘር ሊሆን ይችላል።

ይህን ውርስ የሚያቋርጠው በየዓመቱ የሚገዛው ድቅል ዘር ነው። የመጀመሪያው ምርት የተስተካከለ ቢሆንም፥ ልጆቹ በመጠንም በጠባይም ይበታተናሉ፤ ዘር መምረጥን የለመደ እጅም ሥራ ይፈታል። ሆኖም በጥራጊ መጣያው ዳር ወፍ ዘራሽ ቲማቲም ይበቅላል። ከእነዚህ አንዱ ደኅና ቢያፈራና ዘሩ ለዓመታት እየተመረጠ ቢያዝ፥ በማናቸውም መዝገብ ስም የሌለው የጓሮ ዘር ይሆናል። ስለዚህ ወደ ወረታ የሚሄድ ተመራማሪ የዝርያውን ስም ከመጠየቁ በፊት፥ ዘሩ ከማን እጅ እንደ መጣ ቢጠይቅ ይሻላል።